የሁለት ላጤዎች ጎጆ

ገዳሪፍ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእታለም በላይነሽ፣

አንቺ፣ እማዬ፣ ባልሽ ላቀውና ልጆቹ ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ጀማሉ ነው። ከመተማ ገላባት፣ ከገላባት ገዳሪፍ ቡናና በርበሬ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። እመኚው፤ አፉን የማይጠብቅ ሰው ቢሆን ኖሮ በሁለት መንግሥት መካከል ይህን ያህል ዓመት ባልነገደ።

የት እንደማድር ከጠየቅሽኝ ቆየሽ። እኔም መልሱን ሳሰማምር ቆየሁ። ሰሊጥ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ጊዜ ቁረይሻ እርሻው ላይ እናድራለን፤ ባለእርሻው የሣር ዳስ ይሠራልናል። ሥራው ሲያልቅ ገዳሪፍ እመለሳለሁ። እዚህ ገበያው ዳር አንድ ወፍጮ ቤት አለ። በረንዳው ሰፊ ነው፣ ነፋሱም ጥሩ ነው። ባለወፍጮው ደግ ሰው ነው፤ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ተነሡልኝ ከማለት በቀር ክፉ አይናገረንም። ለእማዬ «ክፍል ይዟል» በያት። ጨርሶ ውሸት እንዳይሆንብሽ፣ በረንዳው ሦስት ግድግዳ አለው።

መንግሥት ለስደተኛ ቤት ይሠራል ተብሎ የሰማሽው እውነት ነው። ከገዳሪፍ ወደ ባሱንዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ሠፈራ ተከፍቷል። የሱዳን መንግሥት ከውጭ አገር በጀት ተቀብሎ የጭቃና የሣር ጎጆ እያሠራ ያድላል፤ እነሱ ጉጢያ ይሉታል። ግን የሚሰጠው ለቤተሰብ ነው። መክተብ፣ ማለት ቢሮው ሄጄ ነበር። ሙሐመድኑር የሚባለው ሠራተኛ አማርኛ ይሞክራል። ጣቱን እያሳየኝ «አንተ ራስ አንድ። ቤት፣ ራስ ሁለት። ኸላስ!» አለኝ፤ አለቀ ማለቱ ነው። ላጤ የትም ያድራል ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ ይኸው የትም አድራለሁ።

ለውትድርና ሲመለምሉ ሹልክ ብዬ ስወጣ እማዬን ሳልሰናበት መሄዴን ይቅር እንድትለኝ ለምኚልኝ። ቤት ካገኘሁ ይህን ሁሉ እክሳታለሁ።

ወንድምሽ ታምሬ


ጎንደር፣ ኅዳር 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ ታምሬ፣

ደህና መሆንህን በማወቃችን ተደሰትን። ጀማሉ ወረቀትህን ጫማው ውስጥ አድርጎ አምጥቶት ስለነበር ግማሹን በእግሩ ሽታ ነው ያነበብኩት።

ለእማዬ እንዳልከው ክፍል ይዟል አልኳት። «ስንት ግድግዳ አለው?» አለችኝ። እንዴት ይህን እንደጠየቀች እግዜር ይወቅ። «ሦስት» አልኩ፣ መቼም አፌ አይጠብቅ። «አራተኛው ላይ ምን ሰቅሎ ይሆን?» ብላ ወጣች። እሷን የምታታልል ከሆነ ገና ብዙ ዓመት ይቀርሃል።

አሁን የደበቅሁህን ልንገርህ። ስለ ቤቱ በጠየቅህ ቁጥር ወሬ የምለውጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ያደግንባትን የቀበሌ ክፍል ሊወስዱባት ነው። ቆጠራ መጡ፤ ድሮ ሦስት ራስ ነበርን። እኔ አግብቼ ወጣሁ፣ አንተ ጠፋህ፣ እሷ ብቻዋን ቀረች። የቀበሌው ሊቀመንበር ቁርጡን ነገራት፦ ቤት የሌለው ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ ክፍሉ ልጆች ላሉት ይሰጣል፣ እሷ ከአዛውንቶቹ ጋር አዳራሽ ትገባለች። «ልጄ ይመጣል» አለች። «የት ነው ያለው?» አላት። ምን ትበል? ሱዳን ነው ብትል ሌላ ጣጣ ይመጣል። አፏን ዘጋች፤ እሱም መዝገቡን ዘጋ። እንግዲህ እዚህም ቤት ራስ ሁለት ነው።

እኔ ልወስዳት አልቻልኩም። ቤታችንን ታውቀዋለህ። ላቀው፣ እኔ፣ ልጆቹ፣ አማቴና አማቼ በአንድ ክፍል ነን። እንግዳ ሲመጣ ላቀው ደጅ ይቆማል። ይህን ስጽፍልህ ፊቴ ይቃጠላል። እናቷን ማስጠጋት ያቃታት ሴት ልጅ ተብዬ የምጠራ ይመስለኛል።

ይኸውልህ መልእክቷ፣ ቃል በቃል፦ «እኔ ሁለተኛ ራስ ብሆነውስ? ብለሽ ጠይቂልኝ።» መንገዱን አልፈራውም ብላለች። ቶሎ መልስ።

በላይነሽ


ሠፈራው፣ ጥር 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእታለም በላይነሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሳችሁ። አንቺም፣ እማዬም፣ ላቀውም፣ ልጆቹም፣ አማቶችሽም፣ ጎረቤቶቻችንም፣ የጠየቀኝ ሁሉ እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

ወረቀትሽ የዘገየው በጀማሉ ጥፋት አይደለም። እኔ ሰሊጥ አጨዳ ቁረይሻ ነበርኩ፤ ገዳሪፍ ሲፈልገኝ ከርሞ ያገኘኝ እዚህ ከገባሁ በኋላ ነው። አዎ፣ ቤት አገኘሁ! ክብ ነው፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ሣር፣ በሩ የእንጨት። የተረከብኩ ቀን በሩን ዘጋሁት፣ ከፈትሁት፣ ደግሜ ዘጋሁት። አንድ ጎረቤቴ «በሩ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ። አራቱም ወገን ግድግዳ ነው በያት ለእማዬ፤ ክብ ስለሆነ መቁጠሪያ የለውም እንጂ።

ላጤ ሆነህ እንዴት ሰጡህ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም፦ እማማ ሣህሊቱ የሚባሉ የአርማጭሆ ሴት አብረውኝ ተቆጠሩ። ልጆቻቸውን ጦርነት ጨርሶባቸዋል። ብቸኛ አሮጊቶች የሚታጎሩበት የሸራ ዳስ ውስጥ ነበሩ፤ በክረምት ውሃ ይገባዋል፣ በበጋ እንደ እሳት ነው። ሁለት ላጤ ተደምሮ አንድ ቤተሰብ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ናቸው መላውን የመቱት። እሳቸውም ተመስገን ይላሉ፣ እኔም።

የእማዬን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት።  ግን አሁን ባትመጣ ይሻላል። መንገዱ ሽፍታ ነው። እዚህ ወባ አለ። ውሃውም ጨው ጨው ይላል፣ እሷ ደግሞ የአንገረብን ውሃ የለመደች ናት። ሦስተኛ ራስ ጨምሩ ብዬ መክተብ እንዳልጠይቅ ደግሞ ሰዎቹን አሁን ማስቸገር ደግ አይደለም። ክረምቱ ይለፍ። በእኔ ይሁንብሽ፣ ክረምቱ ብቻ ይለፍ።

እስከዚያ አዳራሹን ትታገሠው። ይቅርታ፣ እታለም። በጣም ይቅርታ።

ታምሬ


ጎንደር፣ መጋቢት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ ታምሬ፣

ሰላምታህ ከደብዳቤው ይረዝማል። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ እንዴት ናችሁ ካልክ ወዲህ አንድ የደበቅኸው ነገር እንዳለ ገብቶኛል። ትንሽ ሆነህም ጥፋት ስታጠፋ ከበሩ ጀምረህ ሁሉንም ሰው ትስም ነበር።

ሚስት አገባህ? ካገባህ ንገረን፣ እልል እንላለን። እማዬም «ሱዳናዊትም ብትሆን ግድ የለኝም፣ ብቻ ጠባይዋ ይመር» ብላለች። ወይስ እማማ ሣህሊቱ ሁለት አሮጊት በአንድ ጎጆ ይጣላሉ ብለው ነው? እማዬን ይህን ብላት ሳቀች፤ «ማድጋውን ለሳቸው እተዋለሁ፣ እኔ ጥግ ይበቃኛል፣ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ጻፍኩ።

ክፍሉ ተወሰደ። አልጋዋን እኔና ላቀው ተሸክመን አወጣን። የገቡት ሰዎች ደግ ናቸው፣ ስድስት ልጆች አሏቸው፤ ሴትየዋ አፍራ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች፣ እማዬ ግን ምድጃው የት ጋ እንደሚያጨስ አሳየቻት። አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰንብታ ወጣች። ሳል ይዟት ነበር። አሁን የምታድረው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ነው። ቀን እኛ ዘንድ ትውላለች፣ ሲመሽ ነጠላዋን ለብሳ ትሄዳለች፤ እኛም ደህና እደሪ እንላታለን። እናታችንን ከደጃፋችን ደህና እደሪ ብለን እንሸኛለን፣ ታምሬ።

ክረምቱ እስኪያልፍ ብለሃል። ክረምቱ ገና አልገባም። ከዝናቡ በፊት ወደ ሱዳን ከሚወርዱት የሰሊጥ አራሚዎች ጋር ብትነሣ ትደርሳለች። መልስህ «ትምጣ» የሚል አንድ ቃል ይሁን። ሌላውን አትጻፍ።

በላይነሽ


ሠፈራው፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ስለ ሚስቱ ነገር ሳቅሁ። ሚስት አላገባሁም። ማን ያገባኛል?

ለእማዬ ነጭ ቶብ ልኬያለሁ። የሱዳን ሴቶች ከላይ እስከ ታች የሚጠቀለሉበት ጨርቅ ነው፤ ለብርድ ይሆናታል። ደጀ ሰላሙ በር አለው ወይ? ካለው ከውስጥ ትቀርቅረው።

አትምጣ ማለቴ አይደለም። አሁን አትምጣ ማለቴ ነው። እዚህ አንድ ያልተስተካከለ ነገር አለ፤ እኔው ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔው አስተካክለዋለሁ። ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። በእማዬ ዕድሜ ይዤሻለሁ ልል ብዬ ቃሉ እጄ ላይ ቀረ።

ይቅርታ።

ታምሬ


ጎንደር፣ ግንቦት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ታምሬ፣

ሰላምታ የለኝም። ደህና መሆንህን ደግሞ አየነው የሚባለው ሰው ነግሮናል።

አየነውን ታውቀዋለህ፤ አንተው ያለህበት ሠፈራ ከርሞ ለእርሻ ወደ ጭልጋ የሚመለሰው ነው። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ወጥቶ ሳለ ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ «ወይኔ እናኑ! ወይኔ የታምሬ እናት!» እያለ በራችን ላይ ቆመ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። አማቴ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ደረቷን መድቃት ጀመረች። ከሁላችን ቀድማ የወጣችው እማዬ ናት። አንተ የላክህላትን ነጭ ቶብ ለብሳ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አለችው።

«እናኑ ናታ!»

«የቷ እናኑ?»

«የታምሬ እናት። እኛ ሠፈራው ላይ ለቅሶዋን ተቀምጠናል። አገሯ አጠገብ ደርሼ ቤተ ዘመዱን ሳላጽናና ብቀር ነውር ነው ብዬ ነው የመጣሁ።»

እማዬ ከበሩ ገለል አለች። ከዚያ «ግባ፣ ፀሐዩ ከርሯል» አለችው።

ምሳ አቀረበችለት። እሱ እየጎረሰ አወራ፣ እሷ እያጎረሰች ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ እናትህን ሲጠይቁህ ሞታለች እንዳልክ፣ ሳታለቅስላት መክረምህን ሲሰሙ ሠፈራው በሙሉ ተነሥቶ ለቅሶ እንዳስቀመጠህ፣ እያንዳንዱ ከራሽኑ ቀንሶ እንዳመጣ፣ ሁሉንም ነገራት። «ታምሬ ሲያለቅስ ጊዜ እኛም ያላለቀስንላቸውን የየራሳችንን እናት አለቀስን» አለ።

«ብዙ አለቀሰ?» አለችው።

«ኧረ ያዙት ተብሎ ነው የተያዘ።»

«ሰውስ መጣ?»

«የቀረ የለም። እስላሙም ትግሬውም መጥቷል።»

«እንግዲያስ ደህና አድርገው ቀብረውኛል» አለች።

አየነው ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ማተቡን ይዞ ለሰው አልናገርም ብሎ ሳይታጠብ ወጣ።

እኔ ጮህኩ፣ ረገምኩህ፣ ልደብቅህ አልችልም። እሷ ግን የበላበትን ሳህን አጠበች። በማግስቱ ልብሷን በቶቡ ቋጠረችና ከጀማሉ ጋር ተነሣች። «ምን ልትይው ነው?» አልኳት። «ዓይኑን እያየሁ ነው የምነግረው» አለች። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም፤ መሬቱን እየረገጠች ሄደች።

ቀበሌው ከቤት ነው ያስወጣት። አንተ ከዕድሜዋ አስወጣሃት። ምን ብለህ እንደምትመልስላት አላውቅም፤ በሌላ ነጋዴ እጅ የላክሁት ይህ ወረቀት ከሷ ቀድሞ ከደረሰህ ቢያንስ በርህ ላይ ቆመህ ጠብቃት።

በላይነሽ


ሠፈራው፣ ሰኔ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

እታለም፣

ወረቀትሽ ከእማዬ በኋላ ደረሰ። አየነው የነገራችሁ ሁሉ እውነት ነው። ጨመረ የምለው የለኝም፤ የቀነሰውን ግን ልንገርሽ፣ አንቺም ሳታውቂው አትርገሚኝ።

ሽማግሌዎቹ እኔንና እማማ ሣህሊቱን ቤተሰብ ለማድረግ ያገኙት መላ የአገራችን መላ ነው። የጡት ልጅ ሁንላቸው አሉኝ። ማር ስላልተገኘ ስኳር በጠበጡ፣ እማማ ሣህሊቱ አውራ ጣታቸውን ነክረው ሰጡኝ፣ በምስክር ፊት ጠባሁ። ሙሐመድኑርም እናትና ልጅ ከሆኑ ቤት ይገባቸዋል አለ። ከመጥባቴ በፊት ግን አቶ ገብረ ሥላሴ የሚባሉት ሽማግሌ እንደ ወጉ ጠየቁኝ፦ «ወላጅ እናትህ በሕይወት አለች? ካለች ፈቃዷ ይጠየቃል እንጂ በላይዋ ላይ እናት አናደርግም።» ፈቃዷን አምጣ ቢሉኝ ወረቀት ሄዶ እስኪመለስ ጎጆዎቹ ታድለው ያልቃሉ። ሰው በሰው ላይ ተሰልፏል። እኔ ደግሞ ያን በረንዳ አሰብኩ። «አርፋለች» አልኩ። አንድ ቃል ናት፣ ሳላስበው ወጣች።

በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ብድግ አሉ። መቼ ነው? ማን ነገረህ? ለቅሶ ተቀመጥህ? ስደት ላይ መርዶ ሰምቶ ብቻውን የሚውጥ ሰው ሲያዩ ይህ ሕዝብ ዝም ማለት አይችልም። ምንጣፍ ተነጠፈ። አንዴ ሙሾ ከተጀመረ «ቆይ፣ ውሸቴን ነው» ማለት እንዴት ይቻላል? ያለቀስኩት ለማስመሰል ብዬ አልነበረም፤ ከሐፍረት ነው ያለቀስኩት። እሱን ነው ያዙት ያሉት። ያንቺ ወረቀት፣ ሁለተኛ ራስ እሆናለሁ የምትልበት፣ የመጣው ምንጣፉ ከተነሣ በኋላ ነው።

እማማ ሣህሊቱም እናቴ ሞታለች ብለው ነው ያጠቡኝ።

የመጣች ዕለት ለክረምቱ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሣር እያሰርኩ ነበር። ሎሪው ቦኖ ውሃው ጋ አወረዳት። ከላይ ሆኜ በአረማመዷ አወቅኋት። ሴቶቹን ጠየቀቻቸው፤ ከበው ይዘዋት መጡ። አልወረድኩም። እግሬ መሰላሉን አላገኘውም። እማማ ሣህሊቱ በትራቸውን ይዘው ከጎጆው ወጡና «ይግቡ እመቤቴ፣ የልጄ አገር ሰው ነዎት?» አሏት።

እማዬ አየቻቸው። በትራቸውን አየች፣ ከበሩ አጠገብ ያሰጡትን ጥቂት ማሽላ አየች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ፊቷ ላይ ያ መሬት የሚረግጠው ቁጣ ነበር። ተናገረች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች።

«የእናቱ የእናኑ ጎረቤት ነኝ» አለች። «ለቅሶው ሳልደርሰው ቀረሁ። ይኸው መጣሁ።» ከዚያ እንዲህ ብላ አወረደች፦

ጎንደር ላይ ቤት አጣች ብለው ሲያወሩላት፣
እናኑ ሱዳን ላይ ቤት ተሠራላት።

ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ ከጣሪያው እንደምንም ወረድኩ፣ እግሯ ሥር ወደቅሁ። ሐዘኑ አገረሸበት አሉ። ገብታ ተቀመጠች፣ እማማ ሣህሊቱ ውሃ ሰጧት፣ እሷም እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ፊቴን እያየች «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችኝ።

ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት።

በማግስቱ እንጨት ለመልቀም ብለን ወጥተን ብቻችንን ስንሆን እግሯን ልስም ጎነበስኩ፤ አላስነካችኝም። «ልሰድብህ ነበር የመጣሁት» አለች። «መንገዱን ሙሉ ስድቡን ሳዘጋጅ ነበር። ያቺን ሴትዮ ከበሩ ስትወጣ ባያት ጊዜ ግን እኔ ለራሴ ያ የቀበሌው ሊቀመንበር መሰልኩ። ቤቷን ልነጥቅ የመጣሁ።» አቶ ገብረ ሥላሴ ዘንድ ሄጄ ልናገር አልኳት። እውነቴን ነበር። «ያኔ ሴትየዋ ወዴት ትሄዳለች?» አለችኝ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ያለ ፈቃድ የተጠባ ጡት ፈራሽ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፣ እሳቸውም ወደ ሸራው ዳስ ይመለሳሉ። «አዳራሽ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። በእኔ ምክንያት ማንም አይገባም» አለች።

ጎጆው ውስጥ እንግዳ ሆና እንድትኖር ለመንኩ። እምቢ አለች። አንድ ቀን አፌ ያመልጠኛል አለች። ዛሬ ጠዋት መክተብ ሄዳ ተመዘገበች፤ እናኑ ሞታለችና በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ማርያም ብላ። ሙሐመድኑር «ልጅ አለ?» አላት።

«ነበረኝ» አለች።

የሸራው ዳስ ውስጥ አስገቧት። እማማ ሣህሊቱ የለቀቁት ቦታ ባዶ ነበር።

ታምሬ


ሠፈራው፣ ኅዳር 26 ቀን 1977 ዓ.ም.

እታለም በላይነሽ፣

ለተቋረጠው ወረቀት ሰበብ አልፈልግም። መጻፍ አፍሬ ነው።

ጤናዋን ጠይቀሻል። ሳሏ ቀለል ብሏል። ክረምቱን ዳሱ ውሃ ሲገባበት እኔ ቦይ ስቆፍርላቸው ከረምኩ። ለብቸኛ አሮጊቶችም ጎጆ ይሠራል የተባለው በጀት መጥቶ ነበር። ልክ ሊጀመር ሲል ከትግራይና ከወሎ ረኀብ ያፈናቀለው ሰው እንደ ጎርፍ ገባ፣ ገንዘቡም ለሱ ዞረ። ይህን ማን ይከሳል? ሸራ እንኳን አልቆ ሕፃናት ዛፍ ሥር ናቸው። እማዬ የራሷን ቦታ ለአንዲት አራስ ለቃ በር ላይ ትተኛለች። ነፋሱ ጥሩ ነው ትላለች።

ማን ብለህ ትጠራታለህ ብለሻል። እማማ ሣህሊቱን እማዬ እላለሁ። እማዬን እትዬ ወለተ ማርያም እላለሁ፣ እንደ ባዕድ ሰው እርስዎ እያልኩ። መጀመሪያ ምላሴ ይተሳሰር ነበር። አሁን ለመደው፤ መልመዱ ነው የሚያሳፍረኝ።

እማማ ሣህሊቱ ሳያውቁ አልቀሩም። ምግብ ሲወጣ ከእኔ በፊት ለሷ ይቆርሱላታል። አንድ ቀን እጆቿን ሲያዩ፣ ከዚያም የኔን ሲያዩ አይቻለሁ። አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። ለምን አትናገርም ላልሽኝ መልሴ ይህ ነው፤ ብናገር እሳቸው ራሳቸው በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ እማዬ ደግሞ ከኋላቸው ሄዳ ትመልሳቸዋለች። ጎጆው የኔ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ ነኝ የማይገባኝ፣ እኔ ነኝ በር የምዘጋው።

ትናንት ከቦኖው ውሃ ቀድቼላት ዳሱ ድረስ ተሸክሜ ሄድኩ። በየቀኑ የማደርገው ነው። ሴቶቹ ደጅ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ፣ እሷም መካከላቸው ናት። ጀሪካኑን ሳወርድ አንዷ «የዚህን ልጅ ነገር ታያላችሁ? ለማያውቃት አሮጊት እንዲህ! የወለደ እንኳ አያደርገው» አለች። ሌሎቹም መረቁኝ። ከመሬት በታች መግባት ፈለግሁ። እማዬ እህሉን መልቀሟን አላቋረጠችም።

«እናቱ ደህና አድርጋ አሳድጋዋለች» አለች። «ነፍሷን ይማረው።»

ሴቶቹ አሜን አሉ። ወደኔ ዞረው ጠበቁኝ።

አሜን አልኩ።

ታምሬ